ሦስት ሰርቨር፣ ሠላሳ ስምንት ቨርቹዋል ማሽን፦ ከሰሜን ሸዋ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ከሰሜን ሸዋ የተላኩ ሲሆኑ፣ የሚጠይቁትም ስለ ሰርቨር ክፍልና ስለ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ተፈጥሮ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን) አያያዝ ነው። እኔም አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚሁ ሙያ ስለሆነ፣ አምስቱን መርጬ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የትምህርት ተቋም የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ ነኝ። እያንዳንዳቸው 256 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸው ሦስት ሰርቨሮች አሉን፤ በእነርሱም ላይ 38 ቨርቹዋል ማሽኖች ቪኤምዌር በተባለው ማስኬጃ ሶፍትዌር ይሠራሉ። የፈቃዱ ማሳደሻ ዋጋ ከበጀታችን በላይ ሆኖብናል። አለቆቻችን ደግሞ «የግል ክላውድ ሥሩልን» ይላሉ። ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠራው ሌላ ሶፍትዌር፣ ወደ ፕሮክስሞክስ፣ ብንዛወር ያዋጣናል? ኦፐንስታክ የሚባለውስ ያስፈልገናል?

መልስ፦ አለቆችዎ የተጠቀሙበትን ቃል አስቀድመን እንፍታው፤ ቃሉ ሳይፈታ ሥራው ከተጀመረ የሚገዛው ዕቃም የሚመደበው ሰውም ይሳሳታል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ብሔራዊ ተቋም በ2004 ዓ.ም ባወጣውና ዛሬም በሚሠራበት ፍቺ መሠረት፣ አንድ አሠራር ክላውድ ለመባል ተጠቃሚው የባለሙያ ደጅ ሳይጠና የሚፈልገውን በራሱ መውሰድ ይኖርበታል፤ አገልግሎቱ በኔትወርክ የሚደረስ፣ ሀብቱ በጋራ ቋት የተያዘ፣ እንደ ፍላጎቱ ቶሎ የሚሰፋና የሚጠብ፣ የተወሰደውም መጠን የሚለካ መሆን አለበት። ስለዚህ በሦስት ሰርቨሮች ላይ 38 ማሽኖች ማሠራት ቨርቹዋላይዜሽን ነው እንጂ ገና ክላውድ አይደለም። በእርስዎ ተቋም አንድ መምህር ለተማሪዎቹ የመለማመጃ ማሽን ሲፈልግ ደብዳቤ ጽፎ ሁለት ሳምንት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የጎደለው አዲስ ሶፍትዌር ሳይሆን አሠራሩ ነው። በቅድሚያ የተዘጋጀ የማሽን አብነት አስቀምጠው፣ ለየትምህርት ክፍሉ የራሱን የማሽኖች ምድብና የመግቢያ ፈቃድ ሰጥተው፣ መምህሩ በዚያው ቀን ማሽኑን ራሱ እንዲያስነሣ ቢያደርጉ፣ አለቆችዎ ከጠየቁት ነገር ዋናውን ፈጸሙ ማለት ነው። ይህን ደግሞ ፕሮክስሞክስ ብቻውን ይችለዋል። ኦፐንስታክ ብዙ ሰርቨሮችን እንደ ክላውድ የሚያስተዳድር፣ በ2002 ዓ.ም በናሳና በራክስፔስ ኩባንያ የተጀመረ ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ብዙ አገልግሎቶች ድምር ስለሆነ ሌላ ሥራ የሌላቸው ባለሙያዎችን ይፈልጋል። ሦስት ሰርቨር ላለው ተቋም አልመክረውም፤ ጫናው ከማሽኖቹ ይልቅ በሰዎችዎ ላይ ይወድቃል።

ከመዛወርዎ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና የሜሞሪ ሒሳብዎን ይሥሩ። ሦስት ጊዜ 256 ሲባዛ 768 ጊጋባይት ይሆናል፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም ይህን ቁጥር እንደ ሀብታችን በመያዝ ነው። አንዱ ሰርቨር በወደቀ ቀን የእርሱን ማሽኖች የሚሸከሙት የቀሩት ሁለቱ ስለሆኑ እውነተኛው ሀብትዎ 512 ነው፤ ከዚያም ላይ ለሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ለሚያስኬደው ሶፍትዌር) እና ለዲስክ አስተዳደሩ በየሰርቨሩ 32 ቢተዉ 448 ይቀርዎታል። የ38ቱ ማሽኖች ሜሞሪ ተደምሮ ከዚህ ከበለጠ፣ ዛሬ ሁሉም ደህና ቢመስልም አንዱ ሰርቨር በወደቀበት ሌሊት ማረፊያ የሚያጡ ማሽኖች ይኖራሉ። ፕሮሰሰር እንዲህ አይደለም፤ አንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ የማስሊያ ክፍል) በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለብዙ ማሽኖች በየተራ ስለሚደርስ፣ ካሉት ኮሮች ሦስት እጥፍ ያህል ማደል ለተራ የቢሮ ሥራ አያስቸግርም። ሜሞሪ ግን እንደ መኝታ ነው፤ አንዱ በተኛበት ላይ ሌላው አይተኛበትም። ሥራ የፈታውን ሜሞሪ ከአንዱ ማሽን ወስዶ ለሌላው የሚሰጥ ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ይህን ግን ለክፉ ቀን ያቆዩት እንጂ በሒሳብዎ ውስጥ አያስገቡት። ይልቅስ እያንዳንዱ ማሽን ከተሰጠው ስንቱን እንደሚጠቀም አንድ ወር ይከታተሉ፤ 32 ተሰጥቶት 5 ብቻ የሚጠቀም ማሽን ማግኘትዎ አይቀርም፤ አዲስ ሜሞሪ ከመግዛትም ከእንዲህ ያለው መቀነስ ይቀድማል።

የቪኤምዌር ዋጋ የናረበት ምክንያት ይታወቃል። ብሮድኮም ኩባንያውን በኅዳር 2016 ዓ.ም ከገዛው በኋላ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቀርቶ፣ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ብቻ ሆነ፤ ክፍያውም በኮር ይታሰባል፤ ፕሮሰሰሩ ያሉት ኮሮች ከ16 ቢያንሱም እንደ 16 ይቆጠራሉ። ቪስፊር 7 የተባለው የቪኤምዌር እትም አጠቃላይ ድጋፍም በመስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም ስላበቃ፣ በዚያው ላይ ያሉ ከሆነ የደኅንነት ማስተካከያ ሳያገኙ መቀመጥዎ ከዋጋው ይልቅ ሊያሳስብዎ ይገባል። ፕሮክስሞክስ የተመሠረተበት ኬቪኤም በ1999 ዓ.ም ከሊኑክስ ከርነል (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የተዋሐደ፣ ዛሬም ብዙ ታላላቅ የዓለም ክላውዶች የሚሠሩበት ቴክኖሎጂ ስለሆነ በጥራት ዝቅ ያለ ነገር ወሰድኩ ብለው አይስጉ። ሶፍትዌሩ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ የሚሸጠው ድጋፉ ነው።

ዝውውሩን በአንድ ሌሊት ለመጨረስ አይሞክሩ። ሁሉንም ማሽኖች በሌላ ዲስክ ላይ ባክአፕ ካደረጉና ባክአፑም እንደሚነሣ ካረጋገጡ በኋላ፣ ከሦስቱ አንዱን ሰርቨር ባዶ ያድርጉና ፕሮክስሞክስን ይጫኑበት። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም ወዲህ ባሉት እትሞች ውስጥ ማሽኖችን ከቪኤምዌር በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አለ፤ በእርሱ በመጀመሪያ የማይጎዳውን፣ ለምሳሌ የሙከራ ድረ ገጹን፣ ያሻግሩ። ዊንዶውስ በሆኑት ላይ ገና ቪኤምዌር ላይ እያሉ የቨርትአይኦ ድራይቨር (ዊንዶውስ አዲሱን ዲስክና የኔትወርክ ካርድ እንዲያውቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም) ይጫኑ፤ ይህ ካልተደረገ ማሽኑ ሲነሣ ዲስኩን አጥቶ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። የኔትወርክ ካርዱም እንደ አዲስ ስለሚታይ በእጅ የተሰጠው አይፒ አድራሻ ከአሮጌው ካርድ ጋር ተደብቆ ይቀራልና አስቀድመው በወረቀት ይመዝግቡት። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰርቨር ወደ ክላስተሩ (እንደ አንድ ሆነው ወደሚሠሩት ሰርቨሮች ስብስብ) ሲያስገቡ ባዶ መሆን አለባቸው፤ ቨርቹዋል ማሽን የያዘ ሰርቨር ወደ ክላስተር አይገባም። ሦስቱ ሰርቨሮችዎ የተለያየ ዘመን ፕሮሰሰር ካላቸው ደግሞ ለማሽኖቹ የሚሰጡትን የፕሮሰሰር ዓይነት ከአሮጌው ጋር የሚስማማ ያድርጉት፤ ካልሆነ እየሠራ ያለን ማሽን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያዛውሩ ሲሉ ይከሽፍብዎታል። ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ ተቋምዎ መጠባበቂያ ሰርቨር የሌለው መሆኑን ለአለቆችዎ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ሸዋ ሮቢት ነው የምሠራው። በየሌሊቱ የቨርቹዋል ማሽኖቻችንን ስናፕሾት እንይዛለን፤ የአራት ወራት ስናፕሾት ተከማችቷል። አሁን ማሽኖቹ እየከበዱ፣ ዲስኩም እየሞላ ነው። ስናፕሾቶቹን ማጥፋት ባክአፓችንን ማጥፋት ይሆንብን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእጅዎ ያለው ባክአፕ አይደለም፤ ይህን ስነግርዎ እያዘንኩ ነው፤ እኔም በዚያው መንገድ አልፌበታለሁ።

ስናፕሾት የማሽኑን ዲስክ በአንድ ቅጽበት ምልክት ያደርግበትና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ለብቻው ይጽፋል። ለውጦቹ በተደራረቡ ቁጥር ማሽኑ አንድ ፋይል ለማንበብ ብዙ ድርብርቦችን መፈተሽ ይኖርበታል፤ ክብደቱ የመጣው ከዚህ ነው። ዋናው ነገር ግን ስናፕሾቱ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ መሆኑ ነው፤ ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ መሥሪያ ቤት የደመወዝና የሠራተኛ ማኅደር ማሽኖች ስድስት ወር የተጠራቀመ ስናፕሾት ነበራቸው፤ ዲስኮቹ አንድ ሲበላሽ እንዲታገሡ በሬይድ 5 የተያያዙ ነበሩ። አንዱ ዲስክ ሞተና አዲስ ተክተን መልሶ ግንባታው ሲጀምር፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከማሽኑ ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለተኛው ዲስክ ነበር። ያ ድምፅ በቆመ ጊዜ ስናፕሾቶቹም፣ ማሽኖቹም፣ የስድስት ዓመት ማኅደርም አብረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቼ የወረቀት ፋይል እየገለጡ በእጅ ሲመዘግቡ ወራት ፈጅቷል፤ ስሕተቱ ከዲስኩ ይልቅ የእኔ ነበር።

እንግዲህ ዛሬውኑ በተለየ ሰርቨር ላይ እውነተኛ ባክአፕ ይውሰዱ፤ ፕሮክስሞክስ ላይ ከሆኑ ለዚሁ የተሠራ፣ የተለወጠውን ብቻ እየለየ የሚያስቀምጥ የባክአፕ ሰርቨር አለው። ስናፕሾቶቹን የሚያጠፉት ባክአፑን መልሰው በማስነሣት ከፈተኑት በኋላ፣ አንድ በአንድ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ይሁን። የማጥፋቱ ሥራ ራሱ የተጻፉትን ለውጦች ወደ ዋናው ዲስክ የሚያዋህድ ሊሆን ስለሚችል ነፃ ቦታና ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ ስናፕሾት የሚይዙት ማስተካከያ ከመጫንዎ በፊት ይሁን፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም ይሰረዝ። ዳታቤዝ ባለበት ማሽን ውስጥ የእንግዳ ኤጀንት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ባክአፕ በሚወሰድበት ቅጽበት በሜሞሪ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዲስክ እንዲያወርድ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቅጂ ከሕንፃው መውጣት አለበት። ደብረ ብርሃን ቅርንጫፍ ወይም እኅት መሥሪያ ቤት ካላችሁ፣ እናንተ የእነርሱን፣ እነርሱም የእናንተን በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ቅጂ ብታስቀምጡ ወጪው ዲስኩ ብቻ ነው። የባክአፕ ሰርቨሩ የይለፍ ቃልም ከሌሎቹ ይለይ። በጥር 2015 ዓ.ም መጨረሻ በዓለም ዙሪያ በሺሕ የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ሰርቨሮች ኢኤስኤክስአይአርግስ በተባለ ራንሰምዌር (መረጃ ቆልፎ ማስለቀቂያ ገንዘብ በሚጠይቅ ፕሮግራም) ሲቆለፉ፣ አጥቂዎቹ ተጠቀሙበት የተባለው ቀዳዳ ማስተካከያ የወጣለት በየካቲት 2013 ዓ.ም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጫን የቀረባቸው፣ የአስተዳደር ገጻቸውም ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩት ተጠቁ። የእናንተም የአስተዳደር ገጽ በተለየ ቪላን (ከሌላው በተነጠለ የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ይሁን፤ ከውጭ በቀጥታ አይታይ።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። አገራችን መንዝ ብርድ ስለሆነች ለሰርቨር ክፍላችን ኤሲ መግዛት ብክነት ነው ብለን መስኮት እንከፍታለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ብርዱ ጸጋ ነው፤ ከፍታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በመሐል ሜዳ አካባቢ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሠላሳ በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ስለዚህ የሰርቨሩ ማራገቢያ ያንኑ ያህል ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች 35 ዲግሪ የሚሉትን የሙቀት ጣሪያ ከ900 ወይም ከ950 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ዝቅ ያደርጉታል። ደብረ ብርሃን በ2,840 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ጣሪያው ወደ 29 ዲግሪ ይወርዳል ማለት ነው። የእናንተ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች 3,050 ሜትር ገደማን የመጨረሻ ከፍታ ስለሚያደርጉ፣ መሐል ሜዳ ከዚያ በላይ ናትና ከመግዛታችሁ በፊት የመመሪያውን የከፍታ መስመር አንብቡ፤ ለሻጩም በጽሑፍ አሳውቁ። ጀነሬተሩም በስስ አየር ጉልበቱ ይቀንሳልና ልክክ ብሎ የሚበቃውን አትግዙ።

መስኮት መክፈቱን በተመለከተ፣ ለሰርቨር የሚመከረው ከፊት ለፊት የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ መሆኑ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት መስኮት ተከፍቶ ሲያድር ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ያድራል፤ ይህም ለብዙ ሰርቨሮች ከተፈቀደው ውጭ ነው። አቧራውም ሌላ ነው፤ በበጋ ከአውድማ የሚነሣ ገለባ የሰርቨሩን የፊት ወንፊት ደፍኖ አይቻለሁ። ማጣሪያ ያለው አየር ማስገቢያ ከማራገቢያ ጋር ይሠራ፤ ብርድ ሲበረታ ከኋላ የሚወጣው ሙቅ አየር በከፊል ተመልሶ እንዲቀላቀል መዝጊያ ይኑረው። እንዲህ ከተሠራ ኤሲው የሚያስፈልጋችሁ በሞቃታማዎቹ ቀትሮች ብቻ ይሆናል። ቴርሞሜትሩን ደግሞ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በራኩ (ሰርቨሮቹ በሚደረደሩበት ቁም ሣጥን) የፊት በር ላይ፣ ከፍ ብሎ በላይኛው ሰርቨር ትይዩ ስቀሉት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ክላስተር በእርሱ መለማመድ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ፣ ልጄ። በመጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተሽ የፕሮሰሰሩ የቨርቹዋላይዜሽን ድጋፍ መከፈቱን እይ፤ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይገኛል። ፕሮክስሞክስን በኮምፒውተሩ ላይ ጭኚና በውስጡ እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት ያላቸው ሦስት ቨርቹዋል ፕሮክስሞክሶች ፍጠሪ፤ ቨርቹዋል ማሽን በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ማለት ነው። ዝግ ይላል፤ ለመማር ግን ይበቃል። ከዚያም አንዱን እየሠራ ሳለ በድንገት አጥፊና የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚሉ መዝገባቸውን አንብቢ። ሁለተኛውንም አጥፊ። በዚያን ጊዜ የምታዪው ከዚህ ቀጥሎ ከደብረ ሲና የተጠየቀው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ከደብረ ሲና ነው። ሦስት ሰርቨር ያለው ክላስተር አለን። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ሁለቱ ሰርቨሮች አብረው ወደቁ፤ ሦስተኛው ደህና እያለ የእርሱም ማሽኖች አገልግሎት አቆሙ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ክላስተር የሚወስነው በምልዓተ ጉባኤ ነው። ዕድር ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሳይገኝ ገንዘብ ወጪ አያደርግም፤ የቀሩት የት እንዳሉ ስለማይታወቅ፣ ምናልባትም በሌላ ቤት ተሰብስበው ተቃራኒ ውሳኔ እየወሰኑ ሊሆን ስለሚችል ነው። ብቻውን የቀረው ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ባልደረቦቹ ጠፍተው ይሁን ወይም የእርሱ የኔትወርክ ገመድ ተነቅሎ ይሁን ማወቅ አይችልም። ያንኑ ማሽን እርሱም እነርሱም አስነሥተው በአንድ ዲስክ ላይ ቢጽፉ መረጃው ይበላሻል። ስለዚህ ከሦስት ሁለት ድምፅ ሲያጣ ማሽን ማስነሣትና የክላስተሩን አደረጃጀት መለወጥ ያቆማል፤ ማሽኖቹ ሲወድቁ ወደ ሌላ ሰርቨር እንዲዛወሩ ተደርገው ከተመዘገቡም ራሱን ያጠፋል። ሴፍ የሚባለውን የጋራ ዲስክ የምትጠቀሙ ከሆነ ይህም ሦስት ቅጂ ይዞ፣ ከሁለት ቅጂ በታች ሲቀር መጻፍና ማንበብ ያቆማል። የሰርቨሮቹ ሰዓትም ከሰከንድ አንድ ሃያኛ በላይ ከተለያየ ማስጠንቀቂያ ይሰጣልና ሦስቱም ሰዓታቸውን ከአንድ ምንጭ ይውሰዱ።

እኔን ያሳሰበኝ ሁለቱ አብረው የወደቁበት ምክንያት ነው። ከአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆይ መሣሪያ)፣ ምናልባትም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ይሆናል። ሁለት የኃይል ማስገቢያ ያለው ሰርቨር ገመዶቹ በሁለት የተለያዩ ዩፒኤሶች ላይ ይሰኩ፤ አንድ ማስገቢያ ብቻ ካላቸው ሰርቨሮቹ ራሳቸው በተለያዩ ዩፒኤሶች ይከፋፈሉ። ዩፒኤሱን በገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኖቹ በሥርዓት እንዲጠፉ ኤንዩቲ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑ። አጠፋፉ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ተጠቃሚዎች የሚገቡባቸው ማሽኖች፣ ቀጥሎ ዳታቤዞቹ፣ በመጨረሻ የጋራ ዲስኩንና ሰርቨሮቹን። አነሣሡ የዚህ ተቃራኒ ሲሆን፣ የስምና የአድራሻ አገልግሎት የሚሰጠው ማሽን ከዳታቤዞቹ በፊት ይነሣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠመድበት ወጥመድ አለ፤ የይለፍ ቃላቱም፣ የኔትወርክ ካርታውም፣ የባክአፑ ቁልፍም በዚያው ክላስተር ውስጥ ባለ ማሽን ተቀምጠው ክላስተሩ ሲወድቅ ማንበቢያቸው ይጠፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን፣ የሰርቨሮቹን አድራሻና የኃላፊዎቹን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ በራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉ፤ የይለፍ ቃላቱና የባክአፑ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጡ። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባክአፕ ከተወሰደና ለተጠቃሚዎች ከተነገረ ወዲያ፣ ሆን ብላችሁ የመጀመሪያውን ዩፒኤስ ከመብራት ንቀሉ። የትኛው ማሽን በስንት ደቂቃ እንደጠፋና እንደተነሣ በዚያው ወረቀት ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ መብራት ሲሄድ በሌሊት ተረኛ የሆነው ልጅ የሚያነበው እርሱን ነው።